ወፍ ያልወረደበት ውሃ

ለተሥላሴ ወደ ኩሬው ስትወርድ መጀመሪያ ያስፈራት ጸጥታው ነበር።

ጥር ነው። የአይማ ወንዝ መፍሰሱን ካቆመ ሰንብቷል። ከገለጉ ወደ ሱዳን ድንበር በሚያወርደው በረሃ፣ በዚያ አቅጣጫ ውሃ የቀራት ከጥቁሩ አለት ሥር የተኛችው ይህች ኩሬ ናት፤ እሷም ብትሆን ጠባ ጠባ የአንድ ቤት ወለል አክላለች። ከርከሮው፣ ድኩላው፣ ዝንጀሮው፣ ንቡ ሳይቀር የሚመጣው እዚህ ነው። ሌላ ጊዜ ሰው ገና ዳገቱ ላይ ሳለ የርግቦቹ ድምፅ ይቀበለው ነበር። ዛሬ ግን ክንፉን የሚያማታ ወፍ እንኳ የለም።

"ጋሽ አዛናው፣ ወፎቹ ምን ዋጣቸው?" አለች።

"ሐሩሩ ነዋ ልጄ። ጥላ ይዘው ይሆናል" አሉ ጋሽ አዛናው፤ ክላሻቸውን ከትከሻቸው አውርደው አለቱን አስደገፉና ጣሳቸውን ፈቱ።

ጋሽ አዛናው የፓርኩ ጠባቂ ናቸው፤ በረሃውን እንደ ጓሯቸው ያውቁታል። ለተሥላሴ ደግሞ ከጎንደር የመጣች የአንበሳ ተመራማሪ ናት። በጋ ሲገባ አንበሶቹ በየትኛው ውሃ እየዋሉ ድንበሩን እንደሚሻገሩ ለማወቅ በየኩሬው ዳር ካሜራ አስራለች፤ ካሜራው ፊቱ የተንቀሳቀሰውን ሁሉ በራሱ ያነሳል። እሷም እየዞረች ምስሉን ትሰበስባለች።

እንደ ልማዷ ፊቷን በኩሬው ውሃ ታጠበችና ወደ ዛፉ ሄደች። ካሜራውን ከፍታ ምስሎቹን በትንሿ መስታወት ታገላብጥ ጀመር። ከርከሮ። የድኩላ መንጋ። ጃርት። ቀጥሎ ሰው መጣ።

ሰውየው ትናንት ጠዋት ነው የተነሳው። ጎንበስ ብሎ ከነጭ ጀሪካን ወተት የመሰለ ነገር ኩሬው ውስጥ ይገለብጣል። በሚቀጥለው ምስል እስከ ጉልበቱ ገብቶ፣ ሆዳቸውን ገልብጠው የተንሳፈፉ ዓሦችን በማዳበሪያ ከረጢት ይሞላል። ቀጥሎ ለተሥላሴ ስትከታተላት የቆየችው አንበሳ፣ ጆሮዋ የተቀደደው፣ ስትጠጣ። ከዚያ ያችው አንበሳ በጎኗ ወድቃ፣ አፏ አረፋ ደፍቆ። የመጨረሻው ምስል የዛሬ ጠዋት ነው፤ ባለ ሮቶ ተሳቢ የሚጎትት ትራክተር፣ ቱቦው ኩሬው ውስጥ ገብቶ።

"ጋሽ አዛናው! እንዳይጠጡ!"

ጋሽ አዛናው ጣሳውን አራግፈው ወደ ወገባቸው እየመለሱ ነበር። ጢማቸው ረጥቧል።

"ምነው?"

ካሜራውን ይዛ ሮጠች። ሰውየውን አሳየቻቸው። ሽማግሌው መስታወቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ፣ አራቁ፣ ደግመው አስጠጉ። ስለ ጠጡት ውሃ የደነገጡ መስሏት ነበር። እሳቸው ግን ሌላ ነገር አሉ።

"ደረበ ነው። የእህቴ ልጅ። እዚያ ማሽላው እርሻ መድኃኒት ረጪ ነው።" ከዚያም በዝግታ፣ "ምስሉን አጥፊው፣ ልጄ" አሉ።

"መጀመሪያ ከዚህ እንውጣ" አለች ለተሥላሴ።

ጋሽ አዛናው ጣታቸውን ጉሮሯቸው ውስጥ ከተው የጠጡትን ሁሉ አስመለሱ። ለተሥላሴ ከራሷ ኮዳ አጉመጠመጠቻቸው። የእጇን መዳፍ አየች፤ ፊቷን የታጠበችበት ነው። ከንፈሯ ያሳከካት መሰላት። እውነት ይሁን ፍርሃት መለየት አልቻለችም።

ሞተር ብስክሌቱን ያቆሙት ከሽመሉ፣ ከቆላው ቀርከሃ ጥሻ ማዶ ነው፤ ወደ ኩሬው የሚያወርደው መንገድ ለእግር እንጂ ለጎማ አይመችም። ዳገቱን ጋመስ ሲያደርጉ ጋሽ አዛናው ላብ በላብ ሆኑ። ምራቃቸው ሳይታወቃቸው በአገጫቸው ይወርዳል። ለተሥላሴ ቀና አድርጋ ዓይናቸውን አየች። ብሌኑ ጠቦ የሰሊጥ ፍሬ አክሏል። ተመርዘው የወደቁ ጥንብ አንሳዎችን መርምራ ስለምታውቅ መርዙ እንደያዛቸው ገባት። ክላሹን ተቀብላቸው ክንዳቸውን በትከሻዋ ላይ አደረገች። ጠመንጃ ተሸክማ አታውቅም።

ጥሻው መሐል፣ መንገዱ በገደልና በሽመል መካከል ቀጭን በሆነበት ቦታ፣ ጋሽ አዛናው ቀጥ አሉ።

አንበሳዋ መንገዱ ዳር ተኝታለች፤ ሲወርዱ እዚህ አልነበረችም። መሞቷን ለማረጋገጥ ለተሥላሴ አተኩራ አየቻት፤ ጎኗ ይነሳል፣ ይወድቃል። ጡንቻዋ ከቆዳዋ ሥር እንደሚፈላ ውሃ ይንቀጠቀጣል። ከኋላዋ፣ ከሽመሉ ውስጥ፣ የደቦሎቿ ጭንቅላት ብቅ ብሎ ጠለቀ። ያመማት፣ ልጆች ያሏትና መሄጃ የሌላት አንበሳ! ለተሥላሴ በመጽሐፍ ያነበበችው፣ በስብሰባ የተናገረችው ሁሉ ጠፋባት። 

"እንዳትተኩሺ" አሉ ጋሽ አዛናው፣ ምላሳቸው ተሳስሮ። "ካቆሰልሻት አለቀልን። ዓይኗን አትዪ። ገደሉን ይዘሽ ሂጂ።"

ሄዱ። ድንጋይ ከእግራቸው ሥር እያመለጠ ወደ ገደሉ ይንከባለላል። በየድንጋዩ ድምፅ አንበሳዋ ጭንቅላቷን ታነሳለች። ልክ ትይዩ ሲደርሱ በፊት እግሮቿ ተመርኩዛ ተነሳች፤ ከጉሮሮዋ የወጣው ድምፅ የለተሥላሴን ደረት አንቀጠቀጠው። ከዚያ የኋላ እግሮቿ ከዷት፤ በአፏ ተደፋች። ለተሥላሴ አልሮጠችም። ለመሮጥ ፈልጋ የሽማግሌው ክብደት ስላልለቀቃት እንጂ ደፍራ አልነበረም።

ሞተሩ ጋ ሲደርሱ ጋሽ አዛናው መቆም አልቻሉም። ክላሹን ሞተሩ ላይ፣ እሳቸውን በራሳቸው ጋቢ ከጀርባዋ ጋር አሰረችና ተነሳች። መንታው መንገድ ላይ ስትደርስ ፍሬን ያዘች። ግራው ወደ ገለጉ ነው፣ ሐኪም ወዳለበት። ቀኙ ወደ ማሽላው እርሻ። ስልኳን አወጣች፤ ኔትወርክ የለም። በጀርባዋ ላይ የሽማግሌው ትንፋሽ እንደ ተቀደደ ወናፍ ይነፋል። ወደ ግራ ብትሄድ እሳቸው ይተርፉ ይሆናል። እርሻው ላይ ግን ከደጋ የወረደ ሳሉግ፣ ያን ሁሉ ማሽላ የሚያጭድ ሰው፣ ትራክተሩ የቀዳለትን ውሃ ይዞ አሁን ለምሳ ሊቀመጥ ነው።

"ካምፑ" አሉ ጋሽ አዛናው ጆሮዋ ሥር። "ካምፑን አስቀድሚ።"

ወደ ቀኝ ታጠፈች። መንገዱን ሁሉ "ይሞቱብኝ ይሆን?" ከሚለው ሐሳብ በቀር ሌላ አላሰበችም።

ሳሉጎቹ ሮቶው ፊት ጣሳና ጀሪካን ይዘው ተሰልፈዋል። ለተሥላሴ ሞተሩን እንዳቆመች፣ "አትጠጡ! ውሃው መርዝ አለበት!" ብላ ጮኸች። ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። የሠራተኞቹ ካቦ ለይኩን በእጁ ዱላ ይዞ መጣ።

"አንቺ ማነሽ? በዚህ ሐሩር ይሄን ሁሉ ሰው ውሃ ልትከለክዪ ነው? ትራክተሩ እንደሁ ከወትሮው ኩሬ ነው የሚቀዳ።"

"የወትሮው ደርቆብኛል" አለ ባለ ትራክተሩ ከኋላ። "ዛሬ ከጥቁሩ አለት ነው የቀዳሁት።"

ካሜራውን ለለይኩን ዘረጋችለት። አንበሳዋ ስትጠጣ። አንበሳዋ ወድቃ። ትራክተሩ። ለይኩን ገና እያየ ሳለ ከሰልፉ መሐል አንድ ጎልማሳ ሆዱን ይዞ በጉልበቱ ወደቀ። ጠዋት ሮቶው እንደመጣ ቀድሞ የጠጣ ሰው ነው፤ ስንሻው ይባላል፣ ከበለሳ የወረደ ነው። ሌሎች ሁለትም ጥላው ሥር ሲያስመልሱ እንደቆዩ ታወቀ። ለይኩን ዱላውን ጥሎ የሮቶውን መክፈቻ በድንጋይ ሰበረው፤ ውሃው ጥቁሩን አፈር እያረሰ ፈሰሰ።

ያኔ ነው የሰዉ ድምፅ የተቀየረው።

"ማነው የጨመረበት? አሳዪን!"

"ካሜራው አይቶታል! አምጪው!"

ማጭድ የያዘ እጅ ሁሉ ወደ እሷ ተጠጋ። ለተሥላሴ ካሜራውን ደረቷ ላይ አጣበቀችው። ቀና ስትል፣ ከሰዎቹ ትከሻ በላይ፣ ያንን ፊት አየችው። ደረበ ነው። ውሃ የሞላ ጣሳ ይዞ ቆሟል። እሱም እሷን ያያል። ማወቋን አውቋል።

አንድ ቃል ብትናገር እዚያው እፊቷ ይቆራርጡታል።

"ፊቱ አይታይም" አለች። ድምፅዋ የሷ አልመስልሽ አላት። "ሰው ከሚሞትባችሁ መኪና አምጡ!"

የእርሻው ፒክአፕ ቀረበ። የታመሙትን ሲጭኑ ጋሽ አዛናውን ከጀርባዋ ፈትቶ ያነሳቸው ደረበ ነበር። ሽማግሌው የእጁን አንጓ ያዙት። ጣታቸው እየተንዘፈዘፈ፣ አልለቀቁትም።

"ከኔ ጋር ና" አሉት።

ወደ ገለጉ ሲበሩ ለተሥላሴ ከኋላ፣ ከታመሙት መሐል ተቀምጣለች። ደረበ ከፊት ለፊቷ ነው። ማጭዱ ወገቡ ላይ ነው። ካቦው ጋቢና ውስጥ ነው፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ የሚሰማቸው የለም።

"አየሽኝ አይደል?" አለ።

ካሜራውን ከጀርባዋ አደረገች።

"ካሜራውን ስጪኝ።" እጁን ዘረጋ። "ለዓሣ ብዬ ነው። ደረቅ ዓሣ መተማ ይሸጣል። ሰው ከዚያ ይቀዳል ብዬ ካሰብሁ እናቴን አልይ። ስጪኝ፣ እህቴ። ይገድሉኛል።"

እህቴ አለ እንጂ ዓይኑ የወንድም ዓይን አልነበረም። ሌላኛው እጁ ወገቡ አጠገብ ነው። መኪናው በዘለለ ቁጥር ይጠጋታል። ከመኪናው ልትወረወር እንደምትችል አሰበች፤ ወደቀች ቢባል ማን ይጠይቃል? 

"የመድኃኒቱን ስም ንገረኝ" አለች።

"ምን?"

"ጀሪካኑ ላይ የተጻፈውን። ሐኪሟ የምታክመውን ካላወቀች አጎትህ ይሞታሉ። እያቸው።"

ደረበ ዝቅ ብሎ አየ። ጋሽ አዛናው ጭናቸው ላይ ጭንቅላቱን ያሳረፈውን ስንሻውን በአንድ እጃቸው ደግፈው፣ ራሳቸው ለትንፋሽ ይታገላሉ። ዓይናቸው ግን የእህታቸው ልጅ ላይ ነው። ደረበ የዘረጋውን እጅ መለሰ። እስከ ገለጉ ድረስ ፊቱን በጉልበቱ መሐል ቀብሮ ሄደ።

ጤና ጣቢያው ግቢ ሲገቡ ጤና መኮንኗ የዓለምወርቅ ወጥታ፣ "ምንድነው የጠጡት?" ብላ ጠየቀች። ለተሥላሴ አፏን ልትከፍት ስትል ደረበ ከመኪናው ዘሎ ወረደ። ካቦው ለይኩን አጠገቡ ቆሟል።

"እኔ ነኝ የጨመርሁት" አለ። "ሰሊጥ የምንረጭበት ነው። ጀሪካኑ አልጋዬ ሥር አለ።" የመድኃኒቱን ስም ተናገረ፤ ደገመው። ለይኩን ዞሮ አንገቱን ያዘው። የዓለምወርቅ "ግቢዬ ውስጥ እንዳታደርጉት!" ብላ ጮኸችና ዘበኛውን ፖሊስ አስጠራች። ከዚያ የመርዙን ማርከሻ፣ የአትሮፒን መርፌዋን ይዛ ወደ ታመሙት ሮጠች።

ማርከሻው ለሁሉም የሚበቃ አልነበረም። የዓለምወርቅ እያብቃቃች፣ የእያንዳንዱን ዓይንና ትንፋሽ እያየች ትወጋለች። ሌላ እንዲመጣላት ወደ መተማ ደወለች። ለተሥላሴን ስትመረምራት ውሃው ቆዳዋን ብቻ እንደነካት ነገረቻት፤ ያም ሆኖ ለተሥላሴ መዳፏን በሳሙና ደጋግማ ታጥባ አልበቃ አላት። ከመተማ የተላከው ከመድረሱ በፊት ስንሻው አረፈ። ጋሽ አዛናውና ሁለቱ ሳሉጎች ተረፉ።

ፓርኩ ሰዎች ልኮ ኩሬውን በእሾህ አሳጠረ። አንበሳዋን ሞታ አገኟት። ደቦሎቹን ለተሥላሴ ራሷ ሄዳ ፈለገች፤ ዱካቸው በደረቀው ወንዝ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ድንበሩ ሄዶ ጠንካራው መሬት ላይ ጠፋባት።

ምስሉን ለፖሊስ ከመስጠቷ በፊት ወደ ጋሽ አዛናው አልጋ ሄዳ ነገረቻቸው። ቅር ይሉኛል ብላ ፈርታ ነበር።

"ስጪ" አሉ። "ምስሉን አጥፊው ያልሁሽ መርዙ ልቤን ይዞት ነው።" ከዚያም፣ "ውሸቴን ነው። መርዙ አይደለም። እኔው ነኝ" አሉ።

ደረበ ተከሶ ማረሚያ ቤት ገባ። ነገሩ ግን በዚያ አላበቃም፤ በዚያ አገር ደም በፍርድ ቤት ብቻ አይደርቅም። ስንሻው ወንድሞች አሉት፤ ደረበ ቢታሰርም ደሙ ከዘመዱ ይፈለጋል። ጋሽ አዛናው መቆም ሲችሉ ሽማግሌዎችና ቄስ ይዘው፣ ክላሻቸውን ቤት ትተው፣ እርቅ ሊለምኑ ወደ በለሳ ወጡ። ወንድሞቹ እህል አላቀረቡላቸውም፤ አላባረሯቸውምም። "እንመክርበታለን" ብለው ሸኟቸው።

ጋሽ አዛናው ወደ ሥራቸው ተመልሰዋል። ከለተሥላሴ ጋር በረሃ ሲወርዱ ግን እንደ ድሮው ከፊት አይሄዱም፤ እሷን አስቀድመው፣ ከኋላ የሚመጣውን መንገድ እየዞሩ ያያሉ። የሰው ድምፅ ሲሰሙ ይቆማሉ። የበለሳ ሰዎች መልስ ገና አልመጣም።