ሰዓት ሠሪውና የኮመዲኖው ሌቦች

ያ ሰዓት ሠሪ ለዶሮ ቀለብ የሚሆን የዱቄት ትል ማርባት በጀመረ ሰሞን ዶሮዎቹ ከመወፈራቸው የተነሳ ድመቷ መንገድ ትለቅላቸው ጀመር። እንቁላሉማ አይወራም፤ አንዷ የጣለችውን ለማንሳት ሁለት እጅ ያስፈልግ ነበር። የተጋነነ ከመሰላችሁ አማቱን ጠይቁ፤ እሳቸው እንኳ ሦስት እጅ ነው የሚሉት።

ትሎቹ የሚኖሩት መኝታ ቤት ባለው ኮመዲኖ ውስጥ ነው። በየመሳቢያው ፉርሽካ ተነጥፎላቸው፣ ለጥማቸው የካሮት ቁራጭ ጣል ተደርጎላቸው የሚኒስትር ኑሮ ይኖራሉ። ኮመዲኖው ግን የሚስቱ ነበር። ልብስ ሰፊ ናት፤ ጨርቋ ተጠቅልሎ አልጋ ሥር ከገባ ወዲህ ፊቷ አልተፈታም።

«ስማ አንተ ሰውዬ» አለችው። «ትሎችህ ያለቁ ዕለት መሳቢያዎቼን እረከባለሁ።»

«እነዚህ? ዓለም ቢያልቅ አያልቁም!»

አንድ ማለዳ መሳቢያውን ሲስብ ጥቋቁር ጥንዚዛዎች ፉርሽካው ላይ ይንጎራደዳሉ። ትሎቹ ደግሞ ሳስተዋል። ነገሩ ወዲያው ገባው፤ ሌቦች ናቸው፣ ትሎቹን እየበሉበት ነው! የሰዓት ብሎን የሚለቅምበትን ወረንጦ አነሳና ዘመቻውን ጀመረ። በየማለዳው አንድ በአንድ እየለቀመ ለዶሮዎቹ ይወረውራል፤ እነሱም አንገታቸውን አስግገው ይቀልባሉ። ትሎቹ ግን መመናመናቸውን አላቆሙም።

የትሎቹን ዘር የሸጠለት መኖ ነጋዴ ሰዓት ሊያሠራ ሱቁ ብቅ ሲል ጀብዱውን አወጋው። «ሠራዊት ነው የደመሰስኩት ወንድሜ! ያውም በወረንጦ!»

ነጋዴው ሳቅ አንቆት ጠረጴዛውን ተደገፈ። «ኧረ አንተ! ጥንዚዛው እኮ ያደገው ትል ነው። እንቁላል የሚጥሉልህን ወላጆች ነው ለዶሮ ያበላኸው!»

ሰዓት ሠሪው የያዘውን ሰዓት ጥሎ ብድግ አለ። ነጋዴውን ሱቅ ውስጥ ሊቆልፍበት ምንም ሳይቀረው ወደ ቤቱ ከነፈ።

ሚስቱ ቀድማዋለች። የላይኞቹ መሳቢያዎች ተጠርገው ጨርቅ ተደርድሮባቸዋል፤ የታችኛውን ታቅፋ ወደ ዶሮዎቹ እየሄደች ነው።

«ቁሚ! በእናትሽ ቁሚ!»

«አለቁ እኮ። የተባባልነውን ረሳኸው?»

«አንዴ ብቻ ልየው፤ ከዚያ የራስሽ ነው።»

መሳቢያውን ደጃፉ ላይ አስቀመጠችለት። ተንበርክኮ ለጥቃቅን ሥራ ዓይኑ ላይ የሚሰካትን ማጉያ ከኪሱ አወጣና ፉርሽካው ላይ አቀረቀረ። ቀና ማለት አቃተው። ሚስቱ ደነገጠች።

«ምነው? አመመህ እንዴ?»

«ነይ እዪ።»

ማጉያውን ተቀብላው ጎንበስ አለች። ከብናኙ መሃል ከጸጉር የቀጠኑ ነጫጭ ነገሮች ይታያሉ።

«የክር ብጣሽ ነው።»

«ክር ይሄዳል?»

አንዷ ተጠማዘዘች፤ ቀጥሎ ሌላዋ። ጥንዚዛዎቹ ሳይለቀሙ በፊት እንቁላላቸውን ጥለው ኖሯል።

«ውይ! ሲያሳሱ!» አለች ልብስ ሰፊዋ።

የሰዓት ሠሪው ነፍስ ተመለሰች፤ ምላሱም አብራ። «እኔ እኮ አስቤበት ነው፤ ትልልቆቹን በጊዜ ጡረታ ያወጣኋቸው ለልጆቹ ቦታ እንዲሰፋ…»

«ዝም በል፣ ትንፋሽህ ይበትናቸዋል።»

«እሺ መሳቢያውስ?»

«ታችኛውን ያዝ። ላይኞቹን ግን እንዳትነካ።»

«ማጉያዬን ስጪኛ ታዲያ።»

«ቆይ እንጂ፣ አትግፋኝ!»