ንቦቹ ያገኙት ቀዳዳ

አባ ሰሙ የሚለው ስም ያለ ምክንያት አልወጣላቸውም። ንብ አናቢ ናቸው፤ ንብ አናቢ ደግሞ ሰም አያጣም። እሳቸው ግን ሰምን ከመድኃኒት ይቆጥሩታል። ባልዲ አፈሰሰ? ሰም። ጫማ ውሃ አስገባ? ሰም። የመስኮት መዝጊያ ሲጢጥ አለ? እሱም ሰም። የደረት ኪሳቸው ውስጥ ሁልጊዜ አንዲት ድቡልቡል ሰም አትጠፋም። ባለቤታቸው ለጎረቤት ሲያወሩ፣ አንድ ቀን ተኝቼ ሳለሁ አፌንም ይለስንልኛል እያሉ ያስቃሉ።

በዚያ ሰሞን ግን ቤቱ ውስጥ ሳቅ ቀነስ ብሎ ነበር። ነገሩ የሞተሩ ነው።

ጉልበታቸው አልታዘዝ ካላቸው ወዲህ የአባ ሰሙ እግር ያ ባለ አራት ጎማ ሞተር ነው። ኮረብታው አበባ ሲያወጣ ቀፎዎቹን አንድ በአንድ ከኋላው አስረው ሽቅብ ይወስዷቸዋል፤ አበባው ሲያልቅ መልሰው ያወርዷቸዋል። ታዲያ ካለፈው የአበባ ወቅት ጀምሮ ሞተሩ ጠባዩ ተበላሸ። ቆሞ ሲሠራ አንዴ ይጮኻል፣ አንዴ ሊጠፋ ይቃጣል። መውረጃው ላይ ጋዙን ለቀቅ ሲያደርጉለት ደግሞ ከኋላው ጧ! ብሎ ይተኩሳል። ባለፈው ሲተኩስ ቀፎ ተጭኖ ነበር። ንቦቹ ጦርነት የመጣ መስሏቸው ግር ብለው ወጡ፤ አንዷ ቀፎውን ደግፈው የተቀመጡትን ባለቤታቸውን ቅንድባቸው ላይ ነደፈቻቸው። ዓይናቸው አብጦ ስንት ቀን በአንድ ዓይን ሲያዩ ከረሙ።

እብጠቱ ሲወርድ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ እንዲህ አሉ፦

«ሌላ አንድ ተኩስ ከሰማሁ ንቦቹ ወደ ወንድሜ ይሄዳሉ። እሱ የጭነት መኪና አለው። አንተ ደግሞ ያለችህ አንድ ሚስት ናት።»

አባ ሰሙ ባለቤታቸውን ያውቋቸዋል። ጮኸው የተናገሩት ይረሳል፤ በቀስታ የተናገሩት ግን ያው ሆነ ማለት ነው። ኮረብታው ደግሞ ከታች ሲያዩት ቢጫ ቢጫ ማለት ጀምሯል። ንቦቹን የማይጠብቁ ከሆነ ጠዋት ምን ብለው እንደሚነሡ ራሳቸውም አያውቁትም ነበር።

ስለዚህ መካኒክ አስጠሩ። መካኒኳ የባለቤታቸው እህት ልጅ ናት። በልጅነቷ ያገኘችውን ሁሉ እየፈታች ስላስቸገረች መፍቻ ብለዋት ነበር፤ አድጋ ጋራዥ ከፈተችና ስሙ እዚያው ጸና። ሣጥኗን አንጠልጥላ ገባች፣ አክስቷን ሳመች፣ ሞተሩን አስነሣች። ሞተሩም እንደ ጠገበ ድመት አንኮራፋ። አንዲት እንከን የለውም።

«ጋሼ፣ ይሄ ምን ሆነና ነው?» አለች።

አባ ሰሙ አፈሩ። ሐኪሙ ደጅ ሲደርሱ እንደሚተው የጥርስ ሕመም ሆነባቸው። ባለቤታቸው ግን ከበረንዳው ላይ፣ እስኪሞቅ ጠብቂው የኔ ልጅ፣ እሱ ሲሞቅ ነው ጠባዩ የሚወጣው አሉና የንብ መከላከያውን መረብ በራሳቸው ላይ ደፉ። ቀፎ ሳይጫን። ለጥንቃቄ ነው።

አባ ሰሙ ሞተሩን እስከ ኮረብታው ግርጌ ነድተውት ተመለሱ። መመለሳቸው ከመታየቱ በፊት ተሰማ። ጧ! ጧ! ግቢ ገብተው ሲያቆሙት ድምፁ እንደ ሰካራም ወዲያና ወዲህ ይላል።

«ይኸው!» አሉ ደስ ብሏቸው። በገዛ ሞተሩ መታመም እንዲህ የተደሰተ ሰው ታይቶ አይታወቅም።

መፍቻ ሥራዋን ጀመረች። በቅድሚያ እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ፈትታ በፀሐይ አየችው። ጫፉ ነጣ ብሏል። ይሄ አየር በዝቶበት ቤንዚን ያነሰው ሞተር ነው አለች። በደንብ ያልተቃጠለው ቤንዚን ወደ ጭስ መውጫው፣ ወደ ማርሚታው ይሾልክና እዚያ ሲደርስ ይፈነዳል፤ ተኩሱ እሱ ነው ብላ አስረዳቻቸው። ቤንዚንና አየር የሚያቀላቅለውን ካርቡራቶር ፈታች፤ ቀዳዳዎቹ ንጹሕ ናቸው። የአየር ማጣሪያውን አወጣች፤ ደህና ነው። ማርሚታው ከሞተሩ ጋር የሚገጥምበትን አጠበቀች፤ ልል አልነበረም። ሁሉንም መልሳ ገጠመችና አስነሣችው፤ ትንሽ ቆይቶ ሞቀ፣ ያንኑ ስካሩን ቀጠለ። አጥፍታው ወገቧን ይዛ ቆመች።

«አየር ከሌላ ቦታ እየሰረቀ ነው። የት እንደሆነ ነው ያጣሁት።»

ባለቤታቸው ሻይ አመጡና ሦስቱም ጥላው ሥር ተቀመጡ። አባ ሰሙ ሻዩን ሳይነኩ አስቀመጡት። ዓይናቸው ከቀፎዎቹ ወደ ሞተሩ፣ ከሞተሩ ወደ ባለቤታቸው ይመላለሳል። ባለቤታቸው ደግሞ ወንድሜ ነገ መምጣት ይችላል አላሉም፤ ግን ብርጭቆውን ሲያስቀምጡ ያሉ መሰላቸው።

ያን ጊዜ አንዲት ንብ መጥታ ሞተሩ ላይ አረፈች። ሌላዋ ተከተለቻት። ወዲያው ሌሎቹም እየተጠራሩ መጡ።

«በቀላቸውን ሊወጡ መጡ» አሉ ባለቤታቸው መረባቸውን እያወረዱ። መፍቻም ብርጭቆዋን ይዛ ፈንጠር አለች። ብረት አትፈራም፤ ንብ ግን ወዲያ በሉልኝ ባይ ናት።

አባ ሰሙ ግን ቀና አሉ። ንብ የቤንዚን ሽታ ጠላቷ ነው። እነዚህ ምን አግኝተው ነው? ጉልበታቸውን እያባበሉ ተነሥተው ሄዱና ጎንበስ አሉ። ንቦቹ ሌላውን ብረት ትተው አንድ ቦታ ላይ ነው የሰፈሩት፦ ካርቡራቶሩን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው አጭር ወፍራም ጎማ ሥር። በጣታቸው ዳበስ አደረጉት። ጣታቸው ረጠበ። አሸተቱት።

የገዛ ሰማቸው ነው።

ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። መፍቻ ንብ የነደፋቸው መስሏት ስትሮጥ መጣች፤ እሳቸው ለካ እየሳቁ ነው። አሁን ነው ትዝ ያላቸው፤ ባለፈው ዓመት ጎማው ላይ ስንጥቅ አይተው በአውራ ጣታቸው ሰም ጠቅጠቅ አድርገውበት ነበር። ሲቀዘቅዝ ሰሙ ይጠነክርና ስንጥቁን ይዘጋል፣ ሞተሩም ጨዋ ይሆናል። ሲሞቅ ይቀልጥና አየሩ ይገባል።

መፍቻ ማመን ስላልፈለገች ሞተሩን አስነሥታ ስንጥቁ ላይ ትንሽ ውሃ ጠብ አደረገች። ጎማው ውሃውን ምጥጥ አደረገው፤ የሞተሩም ድምፅ ወዲያው ተለወጠ።

«ጋሼ፣ እንዴት ከኔ ይደብቁታል?»

«ከራሴም ተደብቆ ነበር፣ ልጄ። እንዲያውም ያን ቀን ጥሩ ሠራሁ ብዬ ኮርቻለሁ።»

ባለቤታቸው መረቡን ገለጥ አደረጉ። አሁን ምን ይመጣ ይሆን ብለው አባ ሰሙ አንገታቸውን ደፉ። ባለቤታቸው ግን እጃቸውን ወደ ባላቸው ደረት ኪስ ሰደዱና ድቡልቡሏን ሰም ወስደው መቀነታቸው ውስጥ ቋጠሯት።

መፍቻ ከሣጥኗ ከአሮጌ ሞተር የተረፈ ደህና ጎማ ፈልጋ አገኘች። የቀለጠውን ሰም ጠርጋ፣ ጎማውን ለውጣ፣ ማሰሪያውን አጠበቀች። አባ ሰሙ ኮረብታው ግርጌ ደርሰው ሲመለሱ ሁለቱ ሴቶች በሩ ላይ ቆመው ጆሯቸውን አቆሙ። ምንም የለም። አንድ ጊዜ ብቻ ጧ አለና ሁሉም ደነገጡ፤ ጎረቤት በር ዘግቶ ነው።

ፀሐይዋ ስትበርድ ንቦቹ ገቡ፣ የመጀመሪያው ቀፎ ተዘግቶ ታሰረ። ባለቤታቸው እንደ ድሮው ከኋላ ተቀምጠው ደገፉት። ሽቅብ ወጡ። ከአናቱ በፊት ያለችው ቁልቁለት ላይ አባ ሰሙ ትንፋሻቸውን ይዘው ጋዙን ለቀቁ። ሞተሩ እያንጎራጎረ ወረደ። ከኋላቸው የሚሰማው የንቦቹ ድምፅና ባለቤታቸው በአፍንጫቸው የሚያዜሙት ዜማ ብቻ ነበር።

አናቱ ላይ ቀፎውን አውርደው በቢጫው አበባ መሐል አስቀመጡት። ባለቤታቸው ዞረው አዩት። ክዳኑ ጥግ ላይ ትንሽ ክፍተት አለ። መቀነታቸውን ፈቱና ሰሟን አወጡ።

«በል እንካ» አሉ እየሳቁ። «ቦታው እዚህ ነው።»

አባ ሰሙ ተቀብለው በአውራ ጣታቸው ጠቅጠቅ አደረጉት።