ሳያልቅ የተገለጠ ገጽ

የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ሆኜ የተመረጥኩት ዳዊት ይደግማል ተብዬ ነው። እውነት ነው፤ እደግም ነበር። በልጅነቴ የኔታ ዘንድ ሦስት ዓመት ተቀምጬ ዳዊቱን በጆሮዬ ያዝኩት። ፊደሉን ግን አልያዝኩትም። መጽሐፉን ዘርግቼ ስደግም ያየኝ ሁሉ የማነብ ይመስለው ነበር። እኔም አይደለም አላልኩም።

ከወረዳ የሚመጣውን ደብዳቤ ቄስ መርሻ ቤታቸው ውስጥ ያነቡልኛል። ቃሉን ይዤ እወጣና ስብሰባ ላይ ወረቀቱን ከፍቼ እናገረዋለሁ። አራት ዓመት እንዲህ ሄደ።

በ1971 ክረምት መሠረተ ትምህርት ታወጀ። ከደብረ ታቦር አስተማሪ መጣ። ሕዝቡን ያስገባሁት እኔ ነኝ። የቀረ ሰው ካለ ድንጋይ አሸክሜ እርከን አሠራዋለሁ። ራሴ ግን ጠመንጃዬን ይዤ በር ላይ እቀመጣለሁ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ እርስዎም ቢገቡ ሰው ይበረታታል» አለኝ አስተማሪው አንድ ቀን።

«እኔ የተማርኩት ይበቃኛል» አልኩት።

አልበቃኝም ነበር። ውስጥ ሆነው ፊደል ሲጠሩ ስሰማ ልቤ ይሄድ ነበር። ሊቀመንበር ከሴቶች ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ሲሳሳት ማን ያከብረዋል ብዬ ቀረሁ።

ከሁሉ ፈጥና ያነበበችው ትርንጎ ናት። ባሏ በዘመቻ የሞተባት፣ አንድ በሬ ብቻ ያላት ሴት። ቡሬ ይባላል በሬዋ። ከጎረቤቷ ከሞላ በሬ ጋር ይጠመድና የሁለቱንም ማሳ ያርሳል። ልጆቿን የሚያበላው እሱ ነው።

በሚቀጥለው ዓመት ነሐሴ ላይ ደብዳቤ መጣ። ቄስ መርሻ ለፍልሰታ ሱባኤ ጣራ ገዳም ገብተዋል። ደብዳቤውን ያመጣውን ታጣቂ «ስለ ምንድን ነው?» አልኩት።

«ስለ ከብት መሰለኝ። ያነቡት የለም እንዴ» ብሎኝ ሄደ።

ባለፈው ዓመት ለዘመቻው ተብሎ ሰንጋ ተወስዶብን ነበር። ዘንድሮም ያው ነው ብዬ ቆረጥኩ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሰውን ወይራው ሥር ሰብስቤ ወረቀቱን ከፈትኩ።

«በዚህ ሳምንት ከብት ሊወስዱ ይመጣሉ ይላል። ዛሬውኑ ወደ እብናት ቆላ አውርዱ። ዘመድ ያለው ዘመዱ ዘንድ ያቆይ።»

ትርንጎ ተነሣች። «አያ ፈንታሁን፣ ወረቀቱን እስቲ ያሳዩኝ።»

«ምን ልታደርጊው?»

«ላነበው።»

«ትናንት ፊደል ቆጥረሽ ዛሬ ሊቀመንበር ልታርሚ ነው? ይልቅ ሂጂ ቡሬን ንጂ። እሱ ፊደል ስለማያውቅ ይታዘዝሻል።»

ሰው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ሄዳ በሬዋን ፈታች።

ሐሙስ ዕለት ሁለት የከብት ሐኪሞች ሳጥናቸውን በበቅሎ ጭነው መጡ። ሜዳው ባዶ ነው።

«ደብዳቤ አልደረሰዎትም?» አሉኝ።

«አልደረሰኝም» አልኩ። ደብዳቤው ኪሴ ውስጥ ነበር።

«እብናት ቆላ የከብት በሽታ ገብቷል። ከብት ወደዚያ እንዳይወርድ፣ ሁሉም ዛሬ ለመርፌ እንዲሰበሰብ ጽፈን ነበር።»

ሰው አስሮጬ ከብቱን አስመለስኩ። አሥራ አንዱ እዚያው ቀሩ። ቡሬ ደጇ ድረስ መጥቶ በሦስተኛው ቀን ወደቀ።

ቤቷ ሄድኩ። ቀንበሩ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ደብዳቤውን አውጥቼ ሰጠኋት። ተቀብላ አነበበችው።

«እንደማያነቡ አውቅ ነበር» አለችኝ።

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም። ለባሌ ሙት ዓመት እዚሁ ቤት ዳዊት ሲደግሙ ጧፍ ይዤልዎ ነበር። እኔም በዓይኔ እከተላለሁ። ገጹ ሳያልቅ ገለጡት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ትምህርት ይገባሉ ብዬ ነዋ። በሩ ላይ ነበሩ እኮ።»

«እያወቅሽ ቡሬን ለምን ነዳሽው?»

ቀንበሩን ነው ያየችው፣ እኔን አላየችኝም። «ሰው ሁሉ ሳቀብኝ» አለች።

እሁድ ወይራው ሥር ቆሜ ማንበብ እንደማልችል ተናገርኩ። ማኅተሙን ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩ። ማንም አልተቆጣኝም። ሞላ ብቻ «ይቺን ለመናገር ነው አሥራ ሁለት ከብት ያለቀው?» አለ። ያን ቀን ሌላ ሊቀመንበር መረጡ፤ ትርንጎን ጸሐፊ አደረጓት። ካሉኝ ሁለት በሬዎች አንዱን ደጇ ላይ አሰርኩላት። አመሰግናለሁ አላለችም፤ ማለትም አልነበረባትም።

ትምህርቱ እንደገና ሲከፈት ጠመንጃ ሳልይዝ ገባሁ። ከኋላ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ስሳሳት የሳቀ ሰው አልነበረም፤ ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

ወራት ቆይቼ ደብዳቤውን እንድትሰጠኝ ትርንጎን ለመንኳት። በሬዬ የነበረው ደጇ ላይ ያመሰኳል። አጠገቡ ቁጭ ብዬ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። አራት መስመር ናት። ለመጨረስ ረጅም ጊዜ ፈጀብኝ። እብናት የሚለው ሁለተኛው መስመር ላይ ነው።