ድራም የሌለበት አልበም

በለቅሶው ሦስተኛ ቀንም ቡናው ግማሽ ሆኖ መጣለት። ለጎረቤትየው ሙሉ፣ ለሟቹ አጎት ሙሉ፣ ለእሱ ግማሽ። ሰው አንዴ መጠርጠር ከጀመረ ስኒም ይለካል። ድራመሩ በግራ እጁ ተቀበለ፤ ቀኙ እንደ ልማዱ ኪሱ ውስጥ ነው። የሟቹ ሚስት ቀና ብላ እንኳ አላየችውም። በዚህ ቤት አልፈለግም አለ በሆዱ።

ከሟቹ ጋር ሃያ ሁለት ዓመት ሮክ ተጫውተዋል። ያ ጊታሩን ሲያስጮህ ይሄ ሲደበድብ፣ ሰው የወደዳቸውም ለዚያው ጩኸት ነበር። አምና ግን ሟቹ ብድግ ብሎ አዲሱ አልበም ድራም አይኖረውም አለ። ጊታር፣ ዝናብ፣ ሲጥ ሲጥ የሚል በር፣ ረጅም ዝምታ። ለምን ሲባል «ሙከራ ነው» ብሎ ዘጋ። አድማጩ ምን ነካቸው አለ። ድራመሩ ግን የገባው ሌላ ነው፤ ሊያባርሩኝ ፈልገው አፍ አውጥተው መናገር አቃታቸው። ከዚያ ወዲያ ስልክ አላነሳም። ሟቹ ወራት ሙሉ ደወለ። አንድ ማለዳ ልቡ ቆመ፣ መደወሉም ቆመ።

አሁን ደግሞ አልበሙን የቀዳው የድምፅ ቀራጭና ሚስትየው ጥግ ይዘው ይንሾካሾካሉ፣ እሱን እያዩ። ቀራጩ መጥቶ አጠገቡ ሲቀመጥ ድራመሩ ቀደመው።

«በእኔ ቦታ ማንን አስገባችሁ?»

«ማንንም። እጅህ እንዴት ነው?»

ክው አለ። ለገዛ ሚስቱ እንኳ ያልነገረው ነገር ነው።

«የቱ እጄ?»

«ወንድሜ፣ ልምምዳችሁን የቀዳሁት እኮ እኔ ነኝ። ቀኝህ ከምቱ ወደ ኋላ ሲቀር ሰማን። ጓደኛህን ሌላ ሰው እናምጣ ስለው ሊመታኝ ደረሰ። ‹ራሱ እስኪነግረኝ አልሰማሁም። እስከዚያ ድራም የሌለው እንሠራለን፤ የሚሰድብ እኔን ይስደብ› አለ።»

ያልተነሳው ስልክ ሁሉ አሁን ድራመሩ ጆሮ ላይ ጮኸ። በጓደኛው ላይ ምን ያልጠረጠረው ነገር አለ?

ሚስትየው ቡናውን ይዛ ዞረች፤ እሱ ጋ ስትደርስ ግማሽ ላይ አቆመች። «ባለቤቴ እንዳይፈስበት ሙሉ አታድርጊለት ይለኝ ነበር» አለችው ቀስ ብላ።

«ሙዪው እህቴ» አላት።

ሞላችው። ቀኝ እጁን ከኪሱ አውጥቶ፣ ሁሉ እያየው፣ ስኒውን ያዘ። እጁ ተንቀጠቀጠ፤ ቡናው ሱሪው ላይ ፈሰሰ። እጁን ግን ወደ ኪሱ አልመለሰውም።