የጋሽ አፍንጫ አፍንጫ

ቤተ ሙከራው ውስጥ እውነተኛ ስማቸው ተረስቶ «ጋሽ አፍንጫ» ሆነው ቀርተዋል። ፍራፍሬ ፍራፍሬ የሚሸተው ኤስተር ከአልኮል ጋር የተቀላቀለበትን ጠርሙስ ከፍተው አንዴ ሳብ ያደርጉና «ኤስተሩ በዝቷል» ይላሉ፤ መሣሪያው ከአንድ ሰዓት በኋላ የሚለውም ያንኑ ነው። ይህ እንግዲህ ከትኩሳቱ በፊት ነው። ትኩሳቱ የዛሬ ሁለት ወር ሲለቃቸው ማሽተታቸውን ይዞባቸው ሄደ።

ይህን የሚያውቁት ባለቤታቸው ብቻ ናቸው። ድስት አሮ ጎረቤት በር ሲያንኳኳ፣ ጋሽ አፍንጫ ምድጃው አጠገብ ጋዜጣ እያነበቡ ተገኙ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ ለልጅቷ ንገራት» አሏቸው ባለቤታቸው።

«አፍንጫ የሌለው ጋሽ አፍንጫ ምን ይሠራላታል?» አሉ። ልጅቷ የሚሏት ኃላፊያቸውን ነው፤ ሥራውን ያስተማሯት እሳቸው ናቸው።

በማግስቱ ቤተ ሙከራ የጠበቃቸው የትዕግሥት ሥራ ነበር። ድብልቁ በመስታወት ዕቃ ይፈላል፤ እንፋሎቱ ወጥቶ ይቀዘቅዝና እየተንጠባጠበ ይመለሳል። ቴርሞሜትሩ ፍንክች አልል ሲል ከላይ አንድ፣ ከታች አንድ ናሙና ይቀዳል። ጥያቄው አጭር ነው፦ ኤስተሩ የሚበዛው በእንፋሎቱ ነው ወይስ በፈሳሹ? በዚህ ድብልቅ ነገሩ አንድ የቅልቅል መጠን ላይ ሲደርስ ይገለበጣል፤ ሲፈልጉ የከረሙት ያንን መጠን ነው።

ጋሽ አፍንጫ ሁለቱን ጠርሙሶች ቀድተው «ላይ»፣ «ታች» ብለው በማርከር ጻፉባቸው። ለካ ሲቀዱ ጥቂት ፈሶባቸው ኖሮ፣ ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጧቸው ጽሑፉ ታጥቦ ጣታቸው ላይ ቀርቷል። አልኮል ማርከር ያጥባል፣ ተጠንቀቁ እያሉ ሰውን ሁሉ ሲመክሩ የኖሩት እሳቸው መሆናቸው ነው እንግዲህ ጉዱ።

ኃላፊዋ መጥታ አየች። አልተቆጣችም። «ምን ችግር አለው ጋሼ፣ ያሽቱትና ይንገሩን እንጂ!»

አንዱን አንስተው ሳቡ። ባዶ አየር። «ይኸኛው የላይኛው ነው» አሉ።

ልጅቷ አመነቻቸው፤ መዝገቡን ገልጣ መጻፍ ጀመረች። መሸከም ያልቻሉት ያንን ማመኗን ነው።

«ተዪው ልጄ፣ አትጻፊው። ዋሽቼሻለሁ። ከትኩሳቱ ወዲህ ምንም አይሸተኝም።»

ብዕሯን አስቀመጠች። ከዚያ ሳቀች። «ቢሸትዎትስ ጋሼ? የትኛው ኤስተር እንደበዛበት ያውቃሉ እንጂ የትኛው ከላይ እንደመጣ በምን ያውቃሉ? የምንፈልገውስ እሱን አይደል? እኔም እኮ ዝም ብዬ ያሽቱ እላለሁ!»

እውነቷን ነው። ያን ሁሉ ጊዜ የተጨነቁለት አፍንጫ ለዛሬ ጉዳይ ጭራሽ አያስፈልግም ነበር። ጋሽ አፍንጫ ግን አልሳቁም፤ የፈሩት ገና አልመጣም።

የልጅቷ ፊት ከበድ አለ። «ግን ጋሼ፣ ይህ ዕቃ ቢያፈስ እሳት ለማስነሳት አንዲት ብልጭታ ትበቃለች። ቀድሞ የሚነግረን ሽታው ነው። ከዛሬ ጀምሮ ብቻዎን አይሠሩም።»

መጣ። የሠላሳ ዓመት ሥራቸው በአንድ ቃል አለቀ። ጋዋናቸውን ማውለቅ ጀመሩ፤ የመጨረሻው ቁልፍ አልፈታ አላቸው።

«ምን ነካዎት? የት ሊሄዱ ነው?» አለች ልጅቷ። ከጥግ በርጩማ እየጎተተች መጥታ ከእሳቸው በርጩማ አጠገብ አስቀመጠችው። «እኔ አሸታለሁ፣ እርስዎ ቴርሞሜትሩን ያነባሉ። በሉ እንደገና እንጀምር።»

ጋሽ አፍንጫ የፈቷቸውን ቁልፎች መልሰው ሊቆልፉ ሲሞክሩ አንዱን በማይሆነው ቀዳዳ አስገቡት። እሷ ጎንበስ ብላ ቆለፈችላቸው።