ቤሎ የተመለሰ ዕለት

የኤርትራና የኢትዮጵያ ፌዴሬሽን በፈረሰ ሰሞን ገረዝጊሄር መደበር በሚባለው የአስመራ ገበያ ላሉ ብረት ቀጥቃጮች ቁርጥራጭ ብረት የሚያመላልስ ባለጋሪ ነበር። ፈረሱ ቤሎ እግሩን ሲያመው አንድ ሽማግሌ ጣሊያን የከብት ሐኪም ሕመም የሚያደነዝዝ የኦፒየም ጠብታ ሰጠው። ሕመሙ በረደ፤ ፈረሱ ግን ቆሞ ማንቀላፋት አመጣ። ገረዝጊሄር ደግሞ መላ መች ያጣል! እንዲነቃለት ብሎ ከአንድ የሐረር ወታደር ያገኘውን ጫት ወቀጠና ከጠብታው ጋር በባልዲ በጠበጠለት።

ጉድ ነው እንግዲህ። ጫቱን ብቻውን ቢያቀርቡለት ፊቱን የሚያዞረው ቤሎ፣ ሁለቱ ሲገናኙለት ባልዲውን ጭልጥ አድርጎ ጠጥቶ ዓይኑን እንደከፈተ የሚያልም መሰለ። አስመራ ጉም በለበሰችበት ጠዋት ኮቴው ጥጥ የሚረግጥ ያህል ይለሰልሳል፤ ገረዝጊሄርም ጋሪው ላይ ተቀምጦ ከደመና ደመና የሚንሳፈፍ ይመስለዋል።

ፈረሱ ገብሱን ግን ተወ። ጎኑ ሲሰረጉድ የገረዝጊሄር ሚስት ንግስቲ፣ «ልትገድለው ነው እንዴ? ይኣክል! በቃ!» ብላ ጮኸችበት። አፍሮ ባልዲውን ጥግ ላይ ደፋው፤ ቤሎንም እንዲያገግም ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ዓዲ ጓዕዳድ መንደር አጎቱ ዘንድ ወሰደው።

አንድ ማለዳ ከጉሙ ውስጥ ኮቴ ሰማ። ቤሎ ገመዱን በጥሶ ደጃፉ ላይ ቆሟል።

«የኔ ጌታ! ናፈቅኩህ?» አለና ሊያቅፈው እጁን ዘረጋ።

ፈረሱ በደረቱ ገፋ አድርጎት አለፈ። የተደፋውን ባልዲ በአፍንጫው ገለበጠና ደረቁን ቆርቆሮ ይልስ ጀመር። ገረዝጊሄር እጁን እንደዘረጋ ቀረ።