የሄቨን ሆድ ምስጢር

ሆዷን ሲቆርጣት የከረመው የስምንት ዓመቷ ሄቨን፣ ካሜራ በአፏ ወደ ጨጓራዋ እንደሚገባ ስትሰማ ጥርሷን ግጥም አደረገች። ድሬዳዋ ያደገው፣ ሐርጌሳ የሚሠራው ሶማሌው ሐኪም አያንሌ እናቷን አምለሰትን ወደ ውጪ ሸኝቶ ልጅቷን በአማርኛ ጠየቃት።

«ምን ሆንሽ የኔ ቆንጆ?»

«እነ ጓደኛዬ ሱማያ ቤት የግመል ሥጋ በልቻለሁ። እማዬ በቴሌቪዥኑ ካየችው ትገድለኛለች!»

አያንሌ ሳቁን ዋጠ። የጎረቤታቸው የእትዬ ዓለምነሽ የፋሲካ ዶሮ ወጥ፣ እናቱ እንዳታሸተው ጣቱን በአፈር ያሸበት ግቢ፣ ሁሉም ትዝ አለው።

«እኔም ልጅ ሳለሁ የእናንተን የክርስቲያኖችን ዶሮ ወጥ ተደብቄ በልቻለሁ፤ እናቴ እስከ ዛሬ አታውቅም። ይሄ ካሜራ ቁስል ያያል እንጂ አያሳብቅም።»

አፏን ከፈተች።

ሲጨርስ አምለሰት ገባች። «ምን አገኙ ዶክተር?»

«ትንሽ ቁስል ናት፤ በመድኃኒት ትድናለች።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምንም» አለና ምራቁን ዋጠ። የዶሮ ወጡ ጣዕም አፉ ላይ መጥቶበት ነበር።